አንቴናው አይወርድም

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

የመካኒሳ መንገድ ጎማ መብላት ይወዳል፤ እኔ ደግሞ ከጉሮሮው እያወጣሁ እኖራለሁ። ዛሬም ያው ነው። ሚስማር፣ ጠጠር፣ የተሰበረ ቢላዋ... ቢላዋ አስፋልት ላይ ምን ይሠራል?

የማታ ትምህርቱ አለቀ። መምህርት ተናኘወርቅ «በየቀኑ ካልጻፍክ ፊደሉ ይሸሽሃል» ብለዋል። ይሽሻ! ከእኔ እጅ ያመለጠ ቡሎን የለም፤ ፊደል ነው የሚያመልጠኝ? ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ መነጽር የረሱ እማማዎች ቢሆኑስ? አንደኛ አንደኛ ነው።

ኢንጂነር ሐሚዳ መጣች። ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ደንበኛዬ ናት። አሮጌ ቪትዝ አላት፤ ጎማዎቹን ከልጆቼ በላይ አውቃቸዋለሁ። ዛሬ ስፈታ ዝም ብላ ክንዴን ታያለች።

«በፍቄ፣ እጅህን ወደ ላይ ዘርግተህ ሳትንቀጠቀጥ ምን ያህል ትቆያለህ?»

«እስከ ዳግም ምጽአት» አልኳት።

ሱልጣን ከኮምፕሬሰሩ ጀርባ ሳቀ። አብሮኝ የሚሠራው ነው። ሥራው ጎማ መንፋት፣ ትርፍ ሰዓቱ እኔን ማስተንፈስ።

ቅዳሜ ቤቷ እንድመጣ ነገረችኝ። አንቴና ልታስይዘኝ ነው አሉ። እሺ አልኩ... ምን ዓይነት አንቴና እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። ይሄ አፌ!

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ክንዴ የእኔ አይደለም። በግራ እጄ ብጽፍ ይሻለኝ ነበር።

ጀሞ፣ የብሎኩ ጣሪያ ላይ ወጣን። አንቴናው የዓሣ አጥንት ይመስላል። አጥንቶቹ ከአናጢ ሜትር የተቆረጡ ናቸው፤ ቁጥሩ እንኳ አልተፋቀም። ራሷ ናት የሠራችው። ስትጓዝ ይታጠፋል፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ከእሱ ጋር በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሬዲዮ አለ። በዚህ ነው ሳተላይት የምታናግረው! እኔ ሳተላይት ሲባል የቤት ያህል ነገር ይመስለኝ ነበር። የጫማ ካርቶን የምታክል ናት አለች። ከአንዱ አድማስ ወጥታ በሌላው እስክትገባ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። በዚያ መሐል የአንዱን ድምፅ ተቀብላ ለሌላው ታቀብላለች። ዓይን አያያትም። ሐሚዳ ስልኳ ላይ መንገዷን እያየች ታዛለች፣ እኔ አንቴናውን ይዤ እከተላለሁ።

«ግራ... ከፍ... ከፍ አልኩህ! ወደ ፉሪ!»

ከታች አንዲት ሴት በረንዳ ላይ ወጣች። «ዲሽ ሠሪ! ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣ የእኔንም እይልኝ፣ ቻናሉ ሁሉ ጠፋ!» ወዲያው ሌላዋ። ከዚያ ሌላዋ። ጭራሽ «እናንተ ናችሁ ያጠፋችሁት» ተባለ። ዘበኛው እየሮጠ መጣ። ሐሚዳ የፈቃድ ወረቀቷን ሰጠችው። ገልብጦ ያዘው! ምስኪን... ቀጥ አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «የአ-ማ-ተር ሬዲዮ» የሚለው ላይ ትንሽ ቆየሁ እንጂ ሌላው እንደ ውኃ ፈሰሰ። ያኔ ሳተላይቷ አልፋ ነበር። ሐሚዳ ዓይኗን ጨፈነች። ለምን እንደጨፈነች ገብቶኛል።

«ስልክ የለም ወይ ኢንጂነር? እኔ ያለኝ እንኳ ካሜራ አለው» አልኳት።

ያኔ ነገረችኝ። መምህር ሮበሌ የሚባሉ ሰው አሉ፤ ሬዲዮ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ኦብሴ ጋ ሞምባሳ ገቡ። የጉሮሮ ሕመም አለባቸው። በቅርቡ ሐኪም ቤት ይቀደዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። ጨርሶ።

የሬዲዮ ሰዎች ዓለምን በካሬ ከፋፍለዋታል። ከየትኛው ካሬ ማንን እንዳናገሩ ይመዘግባሉ። መምህር ሮበሌ ዕድሜ ልካቸውን ሲለቅሙ ኖረው አንድ ካሬ ቀራቸው። የትኛው? የተወለዱበት! ከወሊሶ ወዲያ ያለ ገጠር ነው። እዚያ ቆሞ የሚጠራቸው የሬዲዮ ሰው ተገኝቶ አያውቅም። ሐሚዳ ድምፃቸው ሳይሄድ ከዚያ ልትጠራቸው ነው። ስሟን መስማት አለባቸው፣ ስማቸውን መስማት አለባት፣ ካሬውን መባባል አለባቸው። አንዱ ከጎደለ አይቆጠርም።

«በስልክማ በየቀኑ እናወራለን» አለች። «ይሄ ሌላ ነው።»

እንዴት ሌላ ነው? አልጠየቅኩም። ፊቷ አያስጠይቅም ነበር።

ኅዳር 15

ሱልጣን፦ «ሳተላይቷ ስንት ፓውንድ ትነፋለች?» ዝም አልኩት። ለአምስት ደቂቃ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ዛሬ ላፍቶ፣ ከኳስ ሜዳው ጎን ተለማመድን። ሰማኋቸው! መጀመሪያ ሹሹታ ብቻ... ሽሽሽሽ... ከዚያ ከመሐሉ የሻከረ ድምፅ፦ «ሐሚዳ፣ ደህና እሰማሻለሁ።» ከሞምባሳ! በአናጢ ሜትር! እዚያ አንቴናውን የምትይዘው ኦብሴ ናት። እኔና ኦብሴ ተፎካካሪዎች ነን ማለት ነው። ምስኪን፣ ከማን ጋር እንደገጠመች አታውቅም።

የቸገረኝ ሌላ ነው። ጋራዥ ውስጥ ሞምባሳን አናገርኩ ብያለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ብያለሁ። ዛሬ ሐሚዳን «አንድ ቃል ብቻ ልበላቸው» አልኳት።

«በፍቄ፣ አንተ አሁን ተናጋሪ አይደለህም። አንቴና ነህ።»

አንቴና! እኔ! አንደኛ የወጣሁት ሰውዬ!

ቆይታ ግን አለሳለሰች። «ካሬው ይሳካና አንድ ቀን ማይኩን እሰጥሃለሁ። እስከዚያ አንድ ሕግ ብቻ አለ። ምንም ይምጣ ምን፣ አንቴናው አይወርድም።»

«አንበሳ ቢመጣ?»

«አይወርድም።»

ማልኩላት። አንበሳ ይምጣ አልኩ። ንብም ይምጣ አልኩ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

መጻፍ አልፈልግም። እጽፋለሁ።

ጠዋት ወጣን። ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ተፍኪ... ወሊሶን አልፈን ወደ ኮረኮንች ገባን። ጎማ ሁለት ጊዜ ፈነዳ፣ ሁለት ጊዜ ሠራሁ። ያለ እኔ እዚያ ትደርስ ነበር? ቦታው ላይ ቆምን። ጤፉ ታጭዷል፣ ሜዳው ቢጫ ነው፣ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

ሳተላይቷ ወጣች። አንቴናውን በቀኜ ይዤ ቀጥ አልኩ። ሐሚዳ ጠራች። ሹሹታ... እንደገና ጠራች። መጡ! ድምፃቸው ካለፈው ቀጥኗል። የእሷን ስም ጀመሩ... ሐ...

ያኔ ሽማግሌው መጡ። በቃርሚያው መሐል፣ በትራቸውን ይዘው፣ ጋቢ ለብሰው። ነጭ ፂም። እኔ ፊት ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። «አካም ጅርታ?»

ምን ላድርግ? ሽማግሌ በገዛ አገሩ እጁን ዘርግቶልኝ እንደ ግንድ ልቁም? ለአንበሳ ነው የማልኩት! ሽማግሌ ማን አነሣ? አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ ይመታኝ ነበር። ሳላስበው ቀኜን ዘረጋሁ፣ በግራዬ ደገፍኩት፣ ጎንበስ አልኩ። «ነጋ፣ ነጋ አባቴ፣ ሰላም ነው» አልኩ።

አንቴናውስ? እሱም አብሮኝ ጎንበስ አለ። አፈሩን ሰላም አለው።

ሽሽሽሽሽ...

«በፍቄ!» የሚለውን ጩኸት አልረሳውም። አነሣሁት። የት እንደነበረ ጠፋኝ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ... ሳተላይቷ አድማስ ገባች። አለቀ። ሽማግሌው ገና እጄን ይዘዋል። ከብቱ ደህና ነው ወይ ይሉኛል። የቱ ከብት? እኔ መካኒሳ ጎማ እንጂ ከብት የለኝም!

ስንመለስ ጀሞ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ስንቆም ሐሚዳ የመኪናዋን ጥሩንባ ረጅም ነፋች። ፊት ለፊቷ ማንም አልነበረም።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንድሞች «ሞምባሳ እንዴት ናት?» ይሉኛል። ሰላም ናት አልኩ። ምን ልበል?

ለአስቴር ነገርኳት። ሚስቴ ሳቅ ከያዛት አይለቃትም። ስትጨርስ «ሽማግሌ ሲመጣ እንዳትንቀሳቀስ ብላ ነግራህ ነበር?» አለች።

«አልነገረችኝም።»

«አንተስ ገጠር አደግ አይደለህ? ባዶ ሜዳ ላይ መኪና አቁመህ ሰው የማይመጣ መሰለህ?»

እውነቷን ነው። ያናደደኝም እሱ ነው። የሰው አገር ገብተን፣ ማንንም ሰላም ሳንል፣ ቀጥ ብለን ሰማይ ሰላም አልን!

ኅዳር 30

ሐሚዳ መጣች። «ጎማ» አለች፤ ሌላ ምንም። ስነፋ ስልኳን ታያለች። ዓይኗ ቀልቷል።

መምህር ሮበሌ ሰኞ ይቀደዳሉ። ሐኪሞቹ ቀኑን አቅርበውታል። የቀረችው ቅዳሜ ብቻ ናት። ለዚያች ቀን ደግሞ ሦስት እግር ያለው ብረት ተውሳለች። አንቴናውን እሱ ላይ ልታስረው ነው።

«ብረት?» አልኳት። «በእኔ ቦታ? ብረት ሳተላይት ይከተላል? ‹ግራ› ሲሉት ይሰማል?»

«ሰው ሰላም አይልም» አለች።

ሱልጣን ኮምፕሬሰሩን አጠፋ፤ በደንብ እንዲሰማ።

«ኢንጂነር» አልኳት፣ «እርስዎ ሰማዩን ያውቁታል። ሰዉን ለእኔ ይተዉልኝ። ማልደን እንሂድ። ሳተላይቷ ሳትመጣ የመንደሩን ሰላምታ በሙሉ ልጨርስ። ሰላም ያልተባለ ፍየል እንኳ አይቀርም።»

ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ «ከቀረ ደግሞ?» አለች።

«ከቀረ ብረቱን እኔ ላይ ይሰሩት።»

አልሳቀችም። ግን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አለችኝ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ከየት ልጀምር...

ሰላምታ ሥራ ነው። ይሄን የሚያውቅ የለም። ከመጀመሪያው አጥር ጀመርኩ። ደህና አደራችሁ፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ አውድማው ደህና... በሐዲይኛ ቅላጼ የምናገረውን ኦሮምኛ ሰምተው ይስቃሉ። ይሳቁ። እነሱ ሲስቁ እኔ ወደሚቀጥለው አጥር። ሐሚዳ መኪናው ጋ ሆና ሰዓቷን ታሳየኛለች። ታሳየኝ!

ያ ሽማግሌ ኦቦ ጉተማ ይባላሉ። ሰላም ብዬ ልሄድ ስል ግቡ አሉ። መጣሁ አልኩ። ግቡ። ኢንጂነሯ ትቸኩላለች አልኩ። እሷም ትግባ! እርጎ መጣ። በትልቅ ቅል። ሐሚዳ ስልኳንና ቅሉን እያፈራረቀች ታያለች፤ በጆሮዬ «በፍቄ፣ እገድልሃለሁ» አለች። «ይጠጡ» አልኳት። «ካልጠጡ አይለቁንም።» ጠጣች። አይ አጠጣጥ!

ለምን እንደመጣን ነገርኳቸው። መምህር ሮበሌ የሚባሉ የዚሁ አገር ሰው አሉ፣ ከሰማይ ይጣራሉ፣ ድምፃቸው ሊሄድ ነው...

«ሮበሌ? የቱ ሮበሌ?» አሉ ሽማግሌው። «ያ ሽቦ ለቃሚው? የአጥር ሽቦዬን ነቅሎ የወሰደው?»

ሐሚዳ ቅሉን አስቀመጠች። «ለመጀመሪያው አንቴና ነው የወሰዱት» አለች። «ነግረውኛል። ከአጥር ነው ያገኘሁት ብለውኛል።»

«ከአጥር አይደለም። ከእኔ አጥር ነው!»

ሜዳው ላይ ወጣን። መንደሩ ተከተለን። ለሁሉም ነገርኩ፦ ይሄ እጅ አሁን ሰላም አይልም፤ ቅር እንዳትሰኙ፤ እጁ ለሥራ ተወስዷል። ራሳቸውን ነቀነቁ። ገባቸው። ይሄ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው? ባለፈው ሳምንት ይሄን ብል ኖሮ?

ሳተላይቷ ወጣች። ሐሚዳ ጠራች። ሹሹታ። ጠራች። ሹሹታ። ክንዴ መዛል ጀመረ፤ ጠዋት መንገድ ላይ የፈነዳው ጎማ አድክሞኛል። ደግሞ ጠራች፤ አሁን ድምፅዋ ሊሰበር ነው። ክንዴ ተንቀጠቀጠ። እስከ ምጽአት ብዬ ነበር እኮ...

ኦቦ ጉተማ አጠገቤ መጡ። አልጨበጡኝም። ትከሻቸውን ከክርኔ ሥር አስገቡና ቆሙ። እንደ ምሰሶ። ሙሴ ክንዱ ሲዝል አሮንና ሖር ደገፉት አይደል? ለእኔ አንድ ሽማግሌ በቂ ነበር። ሙሴን በለጥኩ ማለት ነው... ይቅር ይበለኝ።

መጡ።

ሹክሹክታ ነው የቀረው። ግን የእሷን ስም አሉ፣ የራሳቸውን አሉ። ሐሚዳ ካሬውን ነገረቻቸው።  ከዚያ ካሬውን ደገሙት፣ ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ። ሕጉ ሁለት ጊዜ አይልም። ተሳካ! ሐሚዳ በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች። ሳተላይቷ ገና ትንሽ ነበራት።

«ሽቦዬን ይመልስ በይው» አሉ ኦቦ ጉተማ ከክርኔ ሥር።

ሐሚዳ አየቻቸው። ማይኩን ተጫነች። «መምህር፣ ኦቦ ጉተማ እዚህ ናቸው። ሽቦዬን ይመልስ ይላሉ።»

ሹሹታ... ከዚያ ሳቅ። መምህር ሮበሌ ሳቁ። የተቀደደ፣ እንደ ማሳል ያለ፣ ግን ሳቅ። «አሁን...» አሉ፣ ሳቁ አላስጨርስ አላቸው። ከኋላቸው የኦብሴም ሳቅ ተሰማ፣ ኦቦ ጉተማም ሳቁ፣ መንደሩ በሙሉ ሳቀ፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅኩት፣ ብስቅ አንቴናው ይነቃነቃል። ሳቃቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደና ሹሹታው ዋጠው።

ምን ሊሉ ነበር? «አሁን» ምን?

አንቴናውን አላወረድኩም። ሐሚዳ «በቃ፣ ገብታለች» አለችኝ። ትንሽ ቆየሁ።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

መምህር ሮበሌ ዛሬ ነው የሚቀደዱት። ጎማ አጥብቄ ሳይሆን አላልቼ ገጠምኩ፤ ሱልጣን ነው ያየልኝ። አልቀለደም።

ታኅሣሥ 8

ደህና ናቸው። ኦብሴ ለሐሚዳ ጽፋላታለች። መተንፈሻው በአንገት በኩል ነው። ድምፁ የለም።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ሐሚዳ ጀሞ ጠራችኝ። ጣሪያው ላይ ወጣን። የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ «ዲሽ ሠሪ!» አለች፤ ዝም ብዬ እጄን አነሣሁላት። ቻናሏን ሌላ ቀን አይላታለሁ።

ማንን ነው የምንጠራው? አልጠየቅኩም፤ አንቴናዬን ያዝኩ። ሳተላይቷ ወጣች። ሐሚዳ መምህር ሮበሌን ጠራች፣ በስማቸው፣ እንደ ድሮው። የሚመልስ ጉሮሮ በሌለበት? ልናገር አፌን ከፈትኩ...

ሹሹታው ቀጥ አለ።

አንድ ጊዜ። ተመለሰ። ደግሞ ቀጥ አለ። ተመለሰ።

«እሳቸው ናቸው» አለች። «ሬዲዮውን እየተጫኑ ነው። ሲጫኑት ሹሹታው ይቆማል። በዚህ ተስማምተናል።»

ነገረቻቸው፤ አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ መኪናዋ ዛሬም ጎማ ፈንድቶባታል፣ በፍቄ አንቴናውን ይዟል። በየመሐሉ ሹሹታው ይቆማል፣ ይቀጥላል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። በአንድ እጇ አንቴናውን ተቀበለችኝ፣ በሌላው ማይኩን ዘረጋችልኝ።

«በል። ቃል ገብቼልህ የለ? የፈለግከውን በል።»

ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር! ከኅዳር ጀምሮ። በመስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ፣ አስቴር ምስክሬ ናት። ማይኩን ያዝኩ። ተጫንኩ።

እነዚያ ቃላት ለሚመልስ ሰው ነበሩ። እሳቸው ምን ብለው ይመልሱልኛል?

ለቀቅኩ። እንደገና ተጫንኩ። ለቀቅኩ። አንድም ቃል አላልኩም።

ትንሽ ቆይቶ ከዚያ ወገን ሹሹታው ቀጥ አለ፤ ረጅም፣ ካለፉት ሁሉ ረጅም። ሐሚዳ ቀና ብላ አየችኝ። «ምን አልካቸው?» አለች።

«ደህና ነዎት ወይ አልኳቸው» አልኩ።

ሰኞ ሱልጣን ይጠይቀኛል። ምን እንደምለው ገና አላውቅም።